ለደሴቷ የላክሁት ሽማግሌ

ሬፌራታችንን የምናቀርበው ሐሙስ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለ የቡድን ጓደኛዬ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና አንዱን ገጽ በጣቷ አሳየችኝ።

«ይህ ካልወጣ እኔ አብሬህ አልቆምም» አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ሲበርድለት ሐሳቡን ይለውጣል። እሷ ግን ያሰበችበት ነገር እንደሆነ ከአነጋገሯ ያስታውቅ ነበር።

ሬፌራት ማለት ተማሪ አንድን ርዕስ አጥንቶ በክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያቀርበው ነው። የእኛ ሴሚናር፣ ሰዎች ትተዋቸው ስለሄዱ ቦታዎች ነበር፤ መምህሯ ለሁለት ለሁለት አድርጋ መድባናለች። ደንቧ ጥብቅ ነው። ሁለቱም ይቆማሉ፣ ማንኛቸውም ስለ ሁሉም ነገር ሊጠየቁ ይችላሉ፣ አንዱ ከቀረ ለሌላውም አይቆጠርለትም። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ባለፈው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ወድቄ ስለነበር ይህኛው እንዲያመልጠኝ አልፈልግም ነበር።

ርዕሱን የመረጠችው እሷ ነች። በጃፓን፣ ከናጋሳኪ ወደብ ባሻገር የምትገኝ፣ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት የነበረች ትንሽ ደሴት ናት። መምህሯ የቦታዎቹን ስም ስትጠራ ጓደኛዬ እጇን ፈጥና አወጣች፤ አያቷ የተወለዱት እዚያ ነው። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ አብረን እንሥራ ስትለኝ እሺ አልኩ። እኔ ቶሎ እሺ የምል ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ ይል ነበር። እሷ አያቷ የነገሯትን ትነግረኛለች፣ እኔ መጻሕፍቱን አገላብጣለሁ፣ ሁለቱን እናዛምዳለን። ደሴቷ ጥንት ከባሕር ብቅ ያለች ባዶ አለት ነበረች። ከባሕሩ ወለል በታች ከሰል መኖሩ ሲታወቅ አንድ ኩባንያ ገዛት፤ ጉድጓዱ ወደ ታች፣ ከዚያም ከባሕሩ ሥር ወደ ጎን ተቆፈረ። ከውስጥ የወጣው ድንጋይ በዙሪያዋ ስለተደፋ ደሴቷ እየሰፋች ሄደች፤ ማዕበሉ እንዳይበላት ደግሞ ትልቅ ግንብ ታጠረላት። ቦታ ስላልነበረ ሰው የኖረው ወደ ላይ ነው። ከፎቅ ፎቅ በድልድይ ይኬድ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሲኒማ ቤት ነበራት። አፈር ስላልነበራት ሰዎቹ ከዋናው ምድር አፈር በጀልባ አምጥተው በፎቆቹ ጣሪያ ላይ አትክልት ተከሉ። የደሴቷ ልጆች አንዳንዶቹ ተክል ሲበቅል መጀመሪያ ያዩት እዚያ ጣሪያ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ሳይኖረው እዚያ በየቤቱ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ውድቀቱ። ነዳጅ ዘይት የከሰልን ቦታ ወሰደ። ኩባንያው ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው ብሎ ተናገረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰው ሁሉ ወጣ። ሳህን በመደርደሪያ ላይ፣ የልጅ ጫማ በር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የጓደኛዬ አያት ያኔ ወጣት ሴት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊ አግብተው ፍራንክፈርት መጡ፤ አሁን ሽቫንሃይም ውስጥ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

ያ ገጽ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጦርነቱ ዓመታት የደሴቷ ወንዶች ወደ ግንባር ሲሄዱ ጉድጓዱ እንዳይቆም ከኮሪያና ከቻይና ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው እየተወሰዱ መጡ። የተሰጣቸው ቤት ማዕበሉ የሚደርስበት ከግንቡ ሥር ያለው ዝቅተኛው ስፍራ ነበር። ሙቀቱ የማይቻለው ጥልቁ ሥራ ለእነሱ ሆነ። በዋና ለማምለጥ ባሕር ውስጥ ገብተው የሰመጡ አሉ። ይህን በደንብ አጣርቼ፣ ከየት እንዳገኘሁት በሥነ ሥርዓት ጽፌ፣ አንድ ገጽ አድርጌ አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር በትጋቴ ትደሰታለች ብዬ ነበር።

«በእነዚያ ዓመታት የኦማ አባት የፈረቃ አለቃ ነበር» አለችኝ ደረጃው ላይ፤ ኦማ የምትለው አያቷን ነው። «ፎቶው ሳሎን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለዋለች። አሁን አንተ ተነሥተህ በሰው ፊት ስለ እሱ ታወራለህ?»

ስሙን እንዳልጠራሁ፣ ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳልጻፍኩ ነገርኳት። ስም አያስፈልግም፣ ኦማ ስትሰማ ማን እንደሆነ ታውቃለች አለች። እኔም እስቲ ላስብበት ብዬ ተነሣሁ። እሺ ብል ግማሽ ታሪክ ይዤ መምህሯ ፊት መቆሜ ነው፤ እምቢ ብል ብቻዬን መቆሜ ነው፣ ብቻዬን መቆም ደግሞ አይቆጠርም።

ቤቴ ፌኸንሃይም ነው። ስደርስ እናቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ካውያውን አቆመችው።

«እና ልጅቷን ምን ታጨቃጭቃታለህ?» አለች። «የሰውየው ልጅ በሕይወት አሉ አይደል? በአባታቸው ጉዳይ እሳቸውን ሳትጠይቅ ከልጅ ልጅ ጋር ትጣላለህ? ሽማግሌ ይላካ።»

ይህ ትክክል መሰለኝ። እንዲያውም ቀለለኝ። ነገሩን ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሊሸከምልኝ ነው። እናቴ እዚያው ቆማ ለጋሼ ደወለች።

ጋሼ በጉባኤያችን ውስጥ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ መዘምራን ሲኮራረፉ፣ የአዳራሹ አከራይ ሲያስቸግር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጀርመንኛቸው ሰዋስው የለውም፤ ፍርሃትም የለውም። ረቡዕ ከሰዓት ተባለ። ረቡዕ ጓደኛዬ ሥራ የምትገባበት ቀን ነው። እንደመደበቅ አልቆጠርኩትም፤ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲገባ ነገሩ የሚመለከታት ልጅ አትቀመጥም።

ከፌኸንሃይም የሚነሣው ትራም ከተማውን ሁሉ አቋርጦ ሽቫንሃይም ላይ ያበቃል። ጋሼ ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገዋል፤ እናቴ የጋገረችውን ዳቦ በሳጥን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

«ባለጉዳዩ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አብሮኝ ሲሄድ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። «ሁለተኛ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ አንተ ቤት መቅረት ነበረብህ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ልጅቷ ቆንጆ ናት?»

«ጋሼ፣ የምንሄደው ስለ ድንጋይ ከሰል ነው።»

«ይሁና። ስለ ከሰልም ቢሆን ማወቅ አይከፋም።»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም።  አያቲቱን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ላፕቶፕ ልወስድ ስሄድ አይቻቸዋለሁ፤ ብርቱካን ልጠው ሰጥተውኛል። በሩን ሲከፍቱ አወቁኝ። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ ሶፋውን አሳዩን። ጋሼ ግን አልተቀመጡም። እኔንም በክርናቸው ያዝ አደረጉኝ።

«አንቀመጥም» አሉ በጀርመንኛ፣ በዚያ ኤርፖርት ሜዳ ላይ በለመዱት ድምፅ። «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም።»

አያቲቱ ከረባቱን አዩ። ሳጥኑን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው ከፈት አለ።

«እሷ ታውቃለች?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አታውቅም አልኩ።

«ታዲያ መጀመሪያ እሷን አትጠይቃትም? እኔ ምን አገባኝ? እኔ ራሴ ለአባቴ ሳልናገር ነው ያገባሁት።»

ምን እንዳሰቡ የገባኝ ያኔ ነው።  ጋብቻ አይደለም፣ ሬፌራት ነው፣ ስለ ደሴቷ ነው እያልኩ ተንተባተብኩ። አያቲቱ የበሩን መቃን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ጋሼም ምክንያቱ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ስለሳቁ ተቀመጥን፤ ለጋሼ ጉዳዩ ግማሽ መንገድ የሄደ መሰላቸው።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። ይህ ልጅ ስለ ደሴትዎ ሊናገር ነው አሉ። ሲናገር የአባትዎን ጊዜ ይነካል። ልጁ ደግሞ አሳዳጊ የበደለው አይደለም፤ እርስዎ ሳይፈቅዱ አይናገርም።

ይህን በትራሙ ውስጥ ያልኳቸው እኔው ነኝ። እሳቸው በጀርመንኛ ሲሉት ግን ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። እርስዎ ሳይፈቅዱ አይናገርም።

የአያቲቱ ሳቅ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «ስለ አባቴ ምን?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ሌላ የሚዞሩበት አልነበራቸውም። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ፤ በገጹ ላይ በጻፍኳቸው ጥንቁቅ ዓረፍተ ነገሮች፣ ተወስደው ስለመጡት ሰዎች፣ ከግንቡ ሥር ስለነበረው ቤት፣ ስለ ጥልቁ ጉድጓድ። ፎቶው ከአያቲቱ ጀርባ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ዓይኑን የያዘው ሰውዬ ነው። ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን አለፈ፤ ጋሼ በልማድ ቀና አሉ። 

«አይሆንም ብልህ ትተወዋለህ?» አሉኝ አያቲቱ።

አፌ እሺ ሊል ተከፍቶ ነበር። አላወጣሁትም። እተወዋለሁ ብል መምጣቴ ለምን ነበር? አልተወውም ብል ደግሞ መጠየቄ ውሸት ነው። ጋሼ መልስ የማያጡ ሰው፣ የዳቦውን ሳጥን ክዳን ያስተካክሉ ጀመር።

«አላውቅም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

«በእኛ ዘንድ ይጠየቃል» አልኩ። «ስለ ሰው አባት ከመናገር በፊት።»

 አያቲቱ እኔንም ጋሼንም ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ነገሩን። እሳቸው የተወለዱት ከጦርነቱ በኋላ ነው። በልጅነታቸው ከግንቡ ሥር ያለው ያ ቤት ባዶ ነበር፤ መረብና ገመድ ይከተትበታል። አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ድብብቆሽ ሲጫወቱ እዚያ ገቡ። አባታቸው አገኟቸው። አባትየው በሕይወታቸው እጃቸውን ያነሡባቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ መቷቸው፣ ከዚያ አባትየው ራሳቸው እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብለው መነሣት አቃታቸው። ለምን እንደሆነ ቤት ውስጥ ማንም አልጠየቀም። ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ለልጅ ልጄ ደሴቷ ገነት ነበረች እላታለሁ» አሉ። «ለእኔ ገነት ነበረች። አልዋሸሁም። ያንን ጥግ ግን ዘልዬ ነው የምነግራት።»

ጋሼ በዚህ ጊዜ፣ እንግዲያስ እርስዎ ፈቅደዋል ማለት ነው፣ ብለው ሊዘጉት ሞከሩ። አያቲቱ እጃቸውን አነሡ።

«አልፈቀድኩም። አልከለከልኩምም። እኔ ብፈቅድልህ እነዚያ ሰዎች የሚነገሩት በእኔ ደግነት ሊሆን ነው። ብከለክልህ ደግሞ በእኔ ታሳብባለህ። የምትናገር ከሆነ ተናገር። በእኔ ግን አትደገፍ።»

ቁልፍ በበሩ ውስጥ የዞረው ይህን እንዳሉ ነው። ጓደኛዬ ከሥራ ቀድማ ወጥታለች። መጀመሪያ ያየችው ጫማዎቹን መሆን አለበት፤ ሳሎን ስትገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ጋሼ ብድግ ብለው ልጄ ተባረኪ ማለት ጀመሩ። እሷ እኔን ብቻ ነው የምታየው። አያቷ በጃፓንኛ የሆነ ነገር አሏት፤ እሷም ልክ እኔ ለእናቴ እንደማደርገው በጀርመንኛ መለሰች።

«አይ ኦማ፣ እሱ ይናገር» አለች። ከዚያ ለእኔ፣ «ከእኔ ጋር መነጋገር አቅቶህ አያቴ ላይ ሰው ይዘህ መጣህ?»

«በእኛ ዘንድ ክብር ነው» አልኩ።

«እኔ በሌለሁበት ሰዓት?»

 ሰዓቱን መርጬዋለሁ፤ ለምን እንደመረጥኩት ባስረዳት ደግሞ የባሰ ነው። ጫማዬን ገመዱን ሳላስር አደረግኩ። እሷ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ነገ አትጠብቀኝ» አለችኝ።

በመመለሻው ትራም ጋሼ መስኮት ጋ ተቀመጡ። ከረባታቸውን አላልተውታል። «እሺም እምቢም ሳይል የሸኘኝ ሰው የለም ነበር» አሉ በመጨረሻ። እኔም ገጹን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። አውጣው ቢሉኝ አወጣው ነበር፣ ተወው ቢሉኝም እተወው ነበር።

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ። «ሴትየዋ የነገሩህን እኔም ሰምቻለሁ።»

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። ምን አሉ ስትለኝ ምንም አላሉም አልኳት። ምንም አለማለት እሺ ማለት ነው አለች። አይደለም እማዬ አልኳት፤ እናቴን አይደለም ስላት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከእራት በኋላ ገጹን ሰረዝኩት። ያለ እሱ ሬፌራቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ያምር ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው አትክልት፣ ሲኒማው፣ ጥለውት የሄዱት ሳህን፣ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ከባሕሩ በታች ግን ማንም የወረደ አይመስልም። መለስኩት። ከዚያ ለጓደኛዬ መልእክት ጻፍኩ። ገጹ እንዳለ እንደሚቀርና እኔ እንደማነበው፣ ስለ ቅድመ አያቷ ግን ከእኔ አፍ አንድ ቃል እንደማይወጣ፣ ሳልነግራት ቤቷ በመሄዴም ይቅርታ እንደምጠይቃት። እንዳየችው ስልኬ አሳየኝ። መልስ አልመጣም።

ሐሙስ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። መምህሯ ጓደኛህስ አለችኝ። ትመጣለች አልኩ፤ ትምጣ አትምጣ ግን አላወቅሁም። መምህሯ ሰዓቷን ካየች በኋላ በጓደኛዬ ስም ላይ ብዕሯን ልታሳርፍ ስትል በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ፊት መጣች፣ እኔን ሳታየኝ ከስክሪኑ ማዶ ቆመች። ጀመረች። ስለ አለቱ፣ ስለ ግንቡ፣ በድልድይ ስለተያያዙት ፎቆች ተናገረች፤ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። አትክልቱ ጋ ስትደርስ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ ያ ገጽ መጣ፤ እሷ ዝም አለች።

አነበብኩት። ከወረቀቴ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ከዚያ የመዘጋቱን ክፍል ፈጥኜ ጨረስኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከኋላ ረድፍ መጣ። እነዚያን ሰዎች ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዷቸው እነማን ነበሩ? የኩባንያው አለቆች አልኩ። ልጁ አላቆመም። ከእነዚያ አለቆች በኋላ ላይ ስለ ጉዳዩ የተናገረ፣ ወይም ቤተሰባቸው የሚያውቀው ነገር አለ ወይ አለ። መምህሯ ወደ እኔ ዞረች።

መልሱ ነበረኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም የሌለው፣ ከየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ መልስ። መምህር ስትጠይቀኝ የማውቀውን አለመናገር ለእኔ እንደ መታመም ነው፤ ገና ከትንሽነቴ ጀምሮ እጄ ራሱ ነው የሚነሣው። መምህሯ እየጠበቀች ነው።

«ይህን እኔ አልመልስም» አልኩ።

«ምንጭ የለም ማለትህ ነው?»

«አለ። የእኔ አይደለም።»

መምህሯ ግንባሯን ቋጠረች። አንዳንዱ ተማሪ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወደ ጎን አላየሁም፤ ካየሁ እንደመግፋት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ይህ ከሆነ እንግዲህ እዚህ ላይ እንተወው ልትል እንደሆነ ከመምህሯ ፊት አነበብኩ።

«የእኔ ነው» አለች ጓደኛዬ።

ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበር ላይ አደረገችው። ከአለቆቹ አንዱ ቅድመ አያቴ ነበር አለች። ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ የተናገረው የለም፤ የማውቀው አያቴ ልጅ ሆና በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ስትጫወት አግኝቷት መቷት እንደነበር ነው። ይህን የሰማሁት ትናንት ነው አለች። ከዚያ ሌላ አልጨመረችም። ከኋላ ረድፍ የጠየቀው ልጅ አመሰግናለሁ አለ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። መምህሯ አንዳች ጻፈችና ቀጣዮቹን ሁለት ተማሪዎች ጠራች።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ኦማ ትናንት ከሄዳችሁ ጀምሮ እያወራች ነው። ዛሬም ትቀጥላለች። ብዙ አለ።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አትምጣ። ምን አለች ብለህም አትጠይቀኝ።»

እሺ አልኩ።

እስከ ትራም ፌርማታው አብረን ሄድን። እሷ ወደ ሽቫንሃይም፣ እኔ ወደ ፌኸንሃይም ስለሆነ ሐዲዱን ተሻግሬ ከፊት ለፊቷ ቆምኩ። የእሷ ቀድሞ መጣ።